ሰባት መስከረም

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ እዚህ ሰሜን እስራኤል ውስጥ ቤት ሸዓን ለቅሶ ደርሰን፣ እዚያው አድረን፣ ጠዋት ከእናቴ ጋር ወደ አፉላ እየተመለስን ነበር። የዓሣ ማርቢያ ኩሬዎቹን እንዳለፍን እናቴ የመኪናውን መስኮት በጣቷ መታ መታ አድርጋ «አቁም» አለችኝ። ያመማት መስሎኝ ደነገጥኩ። እሷ ግን ዓይኗን ከመንገዱ ዳር ካለው የአልፋልፋ ማሳ አልነቀለችም። ማሳው በሽመላ ነጭ ሆኗል። ጥቂቶቹ ፌንጣ ይለቅማሉ፤ የሚበዙት ዝም ብለው ቆመው ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅላቸው ይጠብቃሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ግማሽ ሰዓት የፈጀ አይመስለኝም። ወራት አልፈው ግን አሁንም ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል። ስለ ወፍ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ሌላ የማራገፊያ መንገድ ስላጣሁ ነው።

እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ አይታዘዛትም። ከመኪና ወርዳ ምርኩዟን ይዛ ወደ ማሳው ስትገባ ግን እኔን አልጠበቀችም። ከአንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ስትደርስ ቆመች። ደርሼ አጠገቧ ቆምኩ። አንድ ሽመላ ወድቋል።

## የነጠላው ጫፍ

ሽመላን ያን ያህል ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ሁለቱ ክንፎቹ ተዘርግተው ከቁመቴ ይበልጣሉ። ላባው ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ነው፤ በአንደኛው ክንፍ በኩል ግን ላባው ተኮማትሮ አሯል። አንድ ሽቦ ብቻ የነካ ወፍ ምንም አይሆንም። ክንፈ ሰፊ ወፍ ግን ምሰሶ ላይ ሲያርፍ ወይም ሲነሣ ሁለት ሽቦ፣ አለበለዚያም ሽቦውንና ብረቱን በአንድ ጊዜ ይነካል፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ በገላው ያልፋል። ከአውሮፓ እስከ አፍሪካ ሽመላን ከሚገድሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

እግሩ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ሽመላ ሙቀት ሲበረታበት ኩሱን በገዛ እግሩ ላይ ይጥላል፤ እርጥበቱ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዝለታል። በዚያ በደረቀው ነጭ ነገር ሥር አንድ ክብ ነገር ታየኝ። ቀለበት ነው። እናቴ ጎንበስ አለችና የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ጠረገችው። ልጅ ሳለሁ ፊቴን የምትጠርገው እንደዚሁ ነበር። ፊደልና ቁጥር ብቅ አለ። የከተማ ስምም አለበት፤ ግዳንስክ።

«ምን ይላል?»

«ከፖላንድ የመጣ ነው፣ እምዬ። ጫጩት ሳለ ሰዎች ጎጆው ድረስ ወጥተው ያሰሩለት ምልክት ነው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። ያደገ ሽመላ ምንቃሩ ደማቅ ቀይ ነው፤ የዚህኛው ፈዘዝ ያለ ሆኖ ጫፉ ላይ ይጠቁራል። «ዓመት የለውም። ዘንድሮ የተፈለፈለ ነው፤ ሦስት አራት ወሩ ቢሆን ነው።»

«እናቱስ?»

ይህን አልጠበቅኩትም። ቆሜ አነበብኩላት። የሽመላ ልጆች ብዙ ጊዜ ከወላጆቻቸው ቀድመው ይነሣሉ። እናትና አባት ቀናት ቆይተው ነው የሚከተሉት። ልጆቹ መንገዱን አይተውት አያውቁም፤ ግን ይሄዳሉ። ከግማሽ የሚበልጡት የመጀመሪያ ዓመታቸውን አይጨርሱም። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለራሴ አነበብኩት እንጂ አልነገርኳትም።

እናቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ጻፍላቸው» አለችኝ።

«ለማን?»

«ቀለበቱን ላሰሩለት ሰዎች። የት እንደወደቀ ንገራቸው። የሚጠብቅ ሰው አለ።»

«እምዬ፣ ወፍ እኮ ነው» አልኳት። እንዲህ በማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለእኔ ሰባት ዓመት ማንም አልጻፈልኝም» አለች።

## ካረፉ ደህና ነህ

ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጣንበትን የሱዳንን መንገድ አንባቢዎቼ ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁበታል። ስለዚህ የራሴን ድርሻ ብቻ ልናገር። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጎረቤቶቻችን ጋር ከደምቢያ ወጣሁ። አያቴ መራመድ ስለማትችል አባቴና እናቴ ቀሩ። «ቀድመህ ሂድ፤ እንከተላለን» ነበር የተባልኩት። ሌሊት እየተጓዝን፣ ቀን ጥሻ ውስጥ እየተደበቅን በሦስት ሳምንት ሱዳን ገባን። ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ያን ክረምት ያየሁትን አልጽፈውም። በዚያ መንገድና በእነዚያ መጠለያዎች ከወገኖቻችን አራት ሺህ ያህሉ አልቀዋል። እኔ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1984 በአውሮፕላን ወጣሁ። ኢትዮጵያና እስራኤል ከፈረንጆቹ 1973 ጀምሮ ግንኙነታቸውን አቋርጠው ስለነበር የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች የት እንደወደቁ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባትና እናቴን ያገኘኋቸው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰው ከአዲስ አበባ በመጣበት በዚያ ዓርብና ቅዳሜ።

ከእናቴ ጋር ስለነዚያ ዓመታት ተነጋግረን አናውቅም። እሷ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት የምትወድ ሴት ናት። እኔም አልጠየቅኋት። ምን እጠይቃታለሁ? ስንገናኝ በቁመት ከእሷ በልጬ ነበር፤ አማርኛዬም ተሰባብሮ ነበር።

በቤተ እስራኤል መንደር ያደገ ሁሉ የሽመላውን ዜማ ያውቀዋል። መስከረም ላይ ሽመላዎቹ ከሰሜን ሲመጡ እኛ ልጆች ሽቅብ እያየን እየተከተልናቸው እንሮጥ ነበር። አገራችን ኢየሩሳሌም ደህና መሆን አለመሆኗን እንጠይቃቸዋለን። ከዚያ እንደሚመጡ ማንም አልተጠራጠረም። ደግሞም እውነት ነበር፤ በዚህች ጠባብ ምድር ላይ በየመከሩ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሽመላ ያልፋል። አባቶቻችን ካርታ ሳይኖራቸው ይህን በትክክል ያውቁ ነበር።

እናቴ በዚያ ማሳ ዳር ምርኩዟ ላይ ተደግፋ የነገረችኝ ይህን ነው፦

«አንተ ከሄድህ በኋላ መስከረም ሲጠባ ማድጋዬን አንሥቼ ብቻዬን ወደ ወንዝ እወርድ ነበር። ሽመላዎቹ ከኑጉ ማሳ በላይ ሲመጡ አያቸዋለሁ። ልጆቹ ኢየሩሳሌምን ይጠይቃሉ። እኔ ግን አንተን ነበር የምጠይቃቸው። ካረፉ ደህና ነህ ማለት ነው ብዬ ለራሴ ምልክት አድርጌያለሁ። ካለፉም…» አልጨረሰችውም። «አንድ ዓመት ሳያርፉ አለፉ። አንድም አላረፈ። ያን ዓመት ማታ ማታ፣ አባትህ ሲተኛ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እለብስ ነበር። ቀን ሰው እንዳያይብኝ አቃናዋለሁ። ለአባትህም አልነገርሁትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውሁት።»

ነጠላ አዘቅዝቆ መልበስ ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ አላስረዳም። እናቴ እኔ በሕይወት እያለሁ፣ ጠግቤ እየበላሁ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት አልቅሳልኛለች። ምክንያቱም አንድ የሽመላ መንጋ ደምቢያ ላይ አላረፈም።

ለምን እንዳላረፈ አሁን አውቃለሁ፤ ቢያንስ መገመት እችላለሁ። ሽመላ ክረምቱን የሚያሳልፍበት አንድ ቋሚ ቤት የለውም፤ ፌንጣ፣ አንበጣና ተምች ያለበትን ይከተላል። ሱዳን ውስጥ ዝናቡ ጥሩ ከሆነና አንበጣ ከፈላ እዚያው ይሰነብታል። ሰማዩ ሞቆ አየሩ ከተሸከመው ደግሞ መንደሩን ቁልቁል ሳያይ ወደ ደቡብ ያልፋል። ይህን ለእናቴ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት። ያ ዓመት አልፏል፤ እንባው ፈስሷል። ዛሬ በአንበጣ ላስረዳት አልደፈርኩም።

«ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይባላል። ሽመላ ግን ድምፅ የለውም። ያደገ ሽመላ አይጮኽም፤ አይዘምርም፤ ጎጆው ላይ ሲሆን ምንቃሩን ማንኳኳት ብቻ ነው የሚችለው። እናቴና የመንደሩ ልጆች በሙሉ ሲጠይቁት የኖሩት መመለስ የማይችለውን ወፍ ነው።

## ቀና ያላልኩባቸው ዓመታት

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ የት ነበርኩ? ብቻቸውን የመጡ ልጆች በሚያድሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ በዚሁ በሰሜኑ ክፍል። በዚህ በኩል የሚያልፉት ሽመላዎች ከጣሪያችን በላይ ነበር የሚያልፉት። ነሐሴ መጨረሻ እኔ ጋ የነበረው መንጋ መስከረም ላይ እናቴ ጋ ይደርሳል። ይህን ሳስበው ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨብጠኛል። ለሰባት ዓመት በእኔና በእሷ መካከል አንድ ነገር ይመላለስ ነበር። እሷ በየዓመቱ ወጥታ ትቀበለዋለች፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አልሸኘሁትም።

አንድ ቀን ብቻ ልሸኘው እችል ነበር። ሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንዲት መምህርት ሽመላ እንድናይ ክፍሉን በሙሉ ወደ ሜዳ አወጣችን። ከደምቢያ አብሮኝ የመጣ አንድ ልጅ ሰማዩን ሲያይ ራሱን መግታት አልቻለም፤ እጁን ዘርግቶ እየሮጠ ያንን የመንደራችንን ጥያቄ በአማርኛ መጮኽ ጀመረ። ሌሎቹ ልጆች ሳቁበት። መምህርቷ ወደ እኔ ዞራ «ምን እያለ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላውቅም» አልኳት።

አውቅ ነበር። ከእሱም በላይ አውቀው ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል፤ ባለፈው የስግድ በዓል አግኝቼው ይቅርታ ጠየቅኩት። ነገሩን ጨርሶ አያስታውሰውም።

በነዚያው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ዓመታት ቀና ብለው የሚያዩ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ዮሲ ሌሼም የተባሉ የወፍ ተመራማሪ ባለሞተር ተንሸራታች አውሮፕላን ይዘው ከመንጋዎቹ ጋር አብረው ይበሩ ነበር። የጦር አውሮፕላኖች ከወፍ ጋር እየተጋጩ ይወድቁ ስለነበር፣ ወፎቹ መቼና በየትኛው ከፍታ እንደሚያልፉ ማወቅ አስፈላጊ ሆኖ ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ በምሄድበት ሰማይ ሥር አንድ ሰው ሽመላዎቹን በክንፍ ይከተላቸው ነበር።

ለምን በዚህ በኩል ይጎርፋሉ? ሽመላ ከባድ ወፍ ነው፤ ክንፉን እያራገበ ብዙ አይዘልቅም። ከሞቀ መሬት የሚነሣውን አየር ይጠብቃል፤ አየሩ ውስጥ ገብቶ እየተሽከረከረ ሽቅብ ይወጣል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ክንፉን ዘርግቶ ቁልቁል እየተንሸራተተ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር የለም። ስለዚህ ሜዲትራንያንን አያቋርጥም፤ ይዞረዋል። ከምሥራቅ አውሮፓ የሚነሣው በቦስፎረስ፣ በቱርክ፣ በሶርያና በሊባኖስ አድርጎ እዚህ ይደርሳል፤ ከዚያ ሲናንና የስዊዝን ባሕረ ሰላጤ አልፎ ዓባይን ይዞ ሱዳን ይገባል። ከዚያ አንዳንዱ ወደ ኢትዮጵያ ይታጠፋል፤ ሌላው እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል። እኛ ሙቀቱን ፈርተን ሌሊት የተጓዝንበትን ምድር እሱ ሙቀቱ ተሸክሞት በቀን ይሻገረዋል። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ መንገድ ለእሱ ቢበዛ የሁለት ቀን ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ እናቴ «እናቱስ?» ያለችው ነገር። ልጆቹን ማን ይመራቸዋል? በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ኧርንስት ሹትስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በባልቲክ ባሕር ዳር ካለችው ከሮሲተን ወጣት ሽመላዎች አምጥቶ በምዕራብ ጀርመን፣ ኤሰን ውስጥ አቆያቸው። የአካባቢው ሽመላዎች ሁሉ ከሄዱ በኋላ ለቀቃቸው። የምዕራቦቹ ሽመላዎች የሚሄዱት በስፔን በኩል ነው። እነዚህ ግን ማንም ሳያሳያቸው አያቶቻቸው ወደሚሄዱበት፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሩ። በሌላ ጊዜ እንደነዚሁ ያሉ ልጆች ከአካባቢው ሽመላዎች ጋር ተቀላቅለው ሲያድጉ ደግሞ የራሳቸውን አቅጣጫ ትተው ጓደኞቻቸውን ተከተሉ። እንግዲህ አቅጣጫው በደም አለ፤ አብሮ የሚሄድ ሰው ካለ ግን ደሙም ይረሳል ማለት ነው።

ሌላም አለ። በፈረንጆቹ 2014 በደቡብ ጀርመን 61 የሽመላ ልጆች ላይ መከታተያ መሣሪያ ተደረገ፤ 27ቱ አንድ ላይ ሆነው ተጓዙ። ጥቂቶቹ ጥሩውን አየር እየፈለጉ ከፊት ይሄዳሉ፤ የቀሩት ይከተላሉ። ተከታዮቹ ከአየሩ ዘግይተው ስለሚደርሱ ክንፋቸውን ይበልጥ ማራገብ አለባቸው። ብዙ ያራገቡት አውሮፓ ውስጥ ቀሩ፤ ያላራገቡት አፍሪካ ገቡ። ይህን ሳነብ ከሰልፉ መጨረሻ እየሮጥኩ ስደርስ የነበረበት ሌሊት ትዝ አለኝ። ከፊት የሚሄዱት ሲያርፉ እደርሳለሁ፤ ስደርስ ይነሣሉ።

## ጦር የተሸከመው

ድምፅ የሌለው ወፍ አንድ ጊዜ መልእክት አድርሷል። አውሮፓውያን ሽመላና ጨረባ በክረምት የት እንደሚገቡ ለብዙ ዘመን አያውቁም ነበር፤ ጭቃ ውስጥ ወይም የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ተኝተው ይከርማሉ የሚሉ ነበሩ። በፈረንጆቹ 1822 በሰሜን ጀርመን፣ ክሉትዝ በተባለች ቦታ አጠገብ አንድ ሽመላ ተተኮሰ። ሲያነሡት አንገቱን አልፎ የወጣ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ጦር ተሸክሟል። እንጨቱም አሠራሩም የአፍሪካ ነው። አንድ ሰው አፍሪካ ውስጥ ወግቶታል፤ ወፉ ግን አልወደቀም፤ ጦሩን እንደያዘ በረሃና ተራራ አቋርጦ አገሩ ገብቷል። ሬሳው ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የኛ አዛውንቶች ግን ጦር ሳያስፈልጋቸው ወፉ ከየት እንደሚመጣ ይናገሩ ነበር።

ያን ጠዋት እናቴ ነግራኝ ስትጨርስ ሽመላዎቹ መነሣት ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት፣ ከዚያ ማሳው በሙሉ። በላያችን መዞር ያዙ፤ እየዞሩ ይወጣሉ፤ እየወጡ ያንሳሉ። ይህ ሁሉ ክንፍ በላያችን ሲሄድ የሚሰማው እንደ ሹክሹክታ ያለ የላባ ድምፅ ብቻ ነው። እናቴ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሽቅብ ታያለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምን እንዳለች አልጠየቅኋትም፤ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቧ ቆሜ አብሬያት ቀና አልኩ። ከዚያ ከታጨደው አልፋልፋ እቅፍ ሙሉ አመጣሁና የወደቀውን ሸፈንነው።

ማታ ለወፍ ቀለበት ማዕከሉ ጻፍኩ። ቅጹ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፤ የቀለበቱ ቁጥር፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ወፉ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል፣ እንዴት ተገኘ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እያንዳንዱን ጥያቄ አስተረጎመችኝ። «እንዴት ተገኘ» የሚለው ላይ ስደርስ «እናትና ልጅ አገኙት በል» አለችኝ። እንዳለችው ጻፍኩ።

መልሱ የመጣው በመስከረም አጋማሽ ነው። ቀለበቱ የታሰረለት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፤ በአንድ መንደር ውስጥ፣ ሦስት ጫጩቶች በነበሩበት ጎጆ። ሦስቱም ታስሮላቸዋል። ለእናቴ አነበብኩላት።

«ሁለቱስ?» አለች።

«ምንም አልተሰማም።»

ቡና እየቆላች ነበር። ማንከሽከሻዋን ከምድጃው ላይ አወረደችና አሰበች።

«ዛሬ መስከረም ስንት ነው?»

«አሥራ ስምንት።»

«እንግዲያማ ደምቢያ ደርሰዋል» አለች፤ ማንከሽከሻውን መልሳ ጣደችው።